ቦንጋ ስትሰፋ ውኃው በየት ይሂድ?

በካፋ ዞን አዲስ ግንባታና የጎርፍ ስጋት፦ ዳሰሳ

ጎርፍ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ አዋሽ፣ ወደ ፎገራ፣ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ታችኛው ኦሞ ነው። ካፋን ከእነዚህ ጋር የሚቆጥር ብዙም የለም። ደን የለበሰ፣ ወጣ ገባ የበዛበት አገር ስለሆነ ውኃው ቁልቁል ይወርዳል እንጂ አይተኛበትም ይባላል። ግምቱ ለረጅም ዘመን ሠርቷል። የሠራው ግን ዝናቡ ጥቂት ሆኖ አይደለም።

ካፋ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። በአብዛኛው ክፍሉ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ዝናቡም እንደ ሰሜኑ በሐምሌና በነሐሴ ተጨናንቆ አያልቅም፣ ከመጋቢት ገደማ ተነሥቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ይህ ለጎርፍ ስሌት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሰሜን ላይ በሰኔ የሚወርደው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ደረቅ መሬት ያገኛል። ካፋ ውስጥ በነሐሴ የሚወርደው ግን ለወራት ሲጠጣ የከረመ አፈር ላይ ያርፋል፤ ያ አፈር ተጨማሪ ለመያዝ ያለው ቦታ ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ውኃ ሲሸከሙ የኖሩት ደኑ፣ ጥልቁ ቀይ አፈርና በሸለቆዎቹ ግርጌ የተዘረጋው ረግረግ ናቸው። የዛፉ ቅጠል ከዝናቡ የተወሰነውን እዚያው ያስቀራል፣ የረገፈው ቅጠልና ሥሩ የቀረውን ወደ ምድር ያሰርጋል፣ በጊምቦ ወረዳ እንዳለው እንደ አለምጎኖ ያለ ረግረግ ደግሞ የተረፈውን ተቀብሎ በዝግታ ይለቀዋል። የነባሩ መኖሪያ አሠራርም ለዚሁ ያግዝ ነበር። ቤቱ በእንሰትና በቡና ጓሮ የተከበበ ነው፤ ከክዳኑ የወረደው ውኃ ጓሮውን ሳያቋርጥ መንገድ ላይ አይደርስም።

የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆነው ይህ መልክዓ ምድር በዓለም ፊት ስም አገኘ። ስለ ደኑ፣ ስለ ጫካ ቡናው፣ ስለ ወፎቹ ብዙ ተጽፏል። ደኑ መሐል ስለምታድገው ከተማ የተጻፈው ግን በጣም ጥቂት ነው። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በይፋ ሲመሠረት ቦንጋ የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ከዚያ ወዲህ የዞን ከተማ የነበረችው ቦንጋ የክልል ቢሮዎችን፣ የሠራተኞቻቸውን መኖሪያ፣ ሆቴሉን፣ ባንኩን፣ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪና ንግዱን አንድ ላይ መሸከም ነበረባት። መሬቱ ግን ያው ነው፤ ከኮረብታ ጫፍ ወደ ሸለቆ የሚንሸራተት፣ ሜዳ የሚባል ነገር የሚገኘው ወንዝ ዳር ወይም ረግረግ ላይ ብቻ የሆነ መሬት። አዲስ የሚሠራ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፦ ወይ ተዳፋቱን ቆርጦ ሜዳ ማድረግ፣ ወይ ወደ ሸለቆው ወርዶ ረግረጉን መድፈን። ሁለቱም የውኃውን መንገድ ይነካሉ።

የጎርፍ ስጋት የሚወሰነው ቦታው ተሸንሽኖ ችካል ሲተከል ነው ብዬ አምናለሁ። ባለይዞታው ካርታውን ይዞ የግንባታ ፈቃድ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ውኃው በየት እንደሚያልፍ አስቀድሞ በሌላ ጠረጴዛ ላይ ተፈርዷል።

እዚህ አገር ስጋቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው የወንዝ ሙላት ነው። ጎጀብ፣ ዲንቻና ሌሎቹ ወንዞች በክረምቱ መካከል ከአፋቸው ወጥተው ዳርቻቸውን ይሸፍናሉ። ይህ ለማወቅም ለመከላከልም ቀላሉ ነው፤ ወንዙ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፣ እስከ የት እንደሚወጣ የአካባቢው ሽማግሌ በእጁ ያሳያል። ከወንዙ ርቆ መሥራት ነው፤ አለቀ።

ሁለተኛው ከተዳፋት የሚወርደው ነው። ወንዝ የለውም፣ ስም የለውም፣ በበጋ ቢያልፉበት ሣር የበቀለበት ዝቅታ ብቻ ነው የሚታየው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ያ ዝቅታ ለግማሽ ሰዓት ወንዝ ይሆንና ተመልሶ ሣር ይሆናል። በከተማ ፕላን ላይ አይሰፍርም፤ በሳተላይት ፎቶ ላይም ዛፍ ይሸፍነዋል። ቦንጋን በመሰለ ከተማ ቤት የሚገባው፣ ግቢ የሚያፈርሰው፣ መንገድ የሚቆርጠው ውኃ ባብዛኛው ይህ ነው። ትኩረት የሚያገኘው ግን ትልቁ ወንዝ ነው።

ሦስተኛው ውኃ ብቻ አይደለም፤ በውኃ የጠገበ መሬት ራሱ ሲሄድ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን አገር ሁሉ ያስታውሳል። ከቀናት ዝናብ በኋላ ተዳፋቱ ተናደ፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበውን ሕዝብ ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ደረሰበት፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ጎፋ ከካፋ ሩቅ አይደለም፤ ተራራማነቱም ዝናቡም ይመሳሰላል። ከከተማ ጋር የተያያዘ ምሳሌ የፈለገ ደግሞ የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውንን ይመልከት። ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ከተማዋን ከሚከቡት ደን ለባሽ ኮረብታዎች አንዱ ተንዶ ከ1,000 በላይ ሰው ሞተ ወይም የደረሰበት ጠፋ። ደኑ ተመንጥሮ ቤት ሽቅብ እየወጣ ነበር፤ ዝናቡም ለቀናት አላባራም። ፍሪታውን ሚሊዮን ሰው የሚኖርባት የወደብ ከተማ ናት፣ ቦንጋ ትንሽ ናት። የተዳፋቱ ፊዚክስ ግን የሕዝብ ብዛት አይጠይቅም።

ስጋቱን መለካት ታዲያ እንዴት ነው? መሐንዲሶቻችን ለትንንሽ ተፋሰስ የሚጠቀሙበት ቀመር ቀላል ነው። የተፋሰሱ ስፋት፣ የዝናቡ ኃይልና ከመቶ ስንቱ ሳይሰርግ እንደሚፈስ የሚናገር ቁጥር ይባዛሉ። አንድ ምሳሌ ልሥራ። 40 ሄክታር የሆነ ተዳፋት አለ እንበል፤ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ኃይል ያለው ዝናብ ጣለበት። ደን ሳለ ከዝናቡ አንድ አምስተኛው ብቻ ቢፈስ፣ ከግርጌው የሚደርሰው በሰከንድ 1.3 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ያው ተዳፋት ቆርቆሮ፣ ኮብልስቶንና የተጠቀጠቀ ግቢ ሆኖ ስድስት አሥረኛው ቢፈስ በሰከንድ 4 ሜትር ኩብ ይሆናል። ዝናቡ አልተለወጠም፤ ውኃው ሦስት እጥፍ ሆነ። እንዲያውም ከዚህ ይብሳል፤ በለሰለሰ ገጽ ላይ ውኃው ፈጥኖ ስለሚደርስ፣ አጭርና ኃይለኛ የሆነው ዝናብ በቂ ጊዜ ያገኝና ስሌቱ የሚጠይቀው የዝናብ ኃይል ራሱ ከፍ ይላል። ከግርጌ ያለው የድሮ ካልቨርት፣ ከመንገድ ሥር ውኃ የሚያሳልፈው ቱቦ፣ ግን ለ1.3 የተሠራ ነው።

ይህን ለማስላት የግድ ውድ ነገር አያስፈልግም። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የውኃ መፋሰሻ ዲዛይን ማኑዋል አገሪቱን በዝናብ ቀጣና ከፋፍሎ የዝናቡን ኃይልና ቆይታ የሚያሳዩ ኩርባዎች ካወጣ ቆይቷል። ጎጀብ ሸቤ አጠገብ የወንዝ መለኪያ ጣቢያ አለው። የወንዝ ሙላትን የሚያሰላው ሔክ-ራስ የተባለው የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። ችግሩ የመሬቱ ቅርጽ ላይ ነው። በነጻ የሚገኘው የሳተላይት ከፍታ መረጃ በየ30 ሜትሩ አንድ ነጥብ ነው የሚሰጠው፤ ለጎጀብ ተፋሰስ ይበቃል፣ ለቦንጋ አንድ ሰፈር ግን አይረባም፤ በሁለት ነጥቦች መካከል አንድ ቤትና አንድ ቦይ ከነቅርንጫፉ ይጠፋል። ድሮን አስነሥቶ የሚስፋፋውን ሰፈር መቃኘት ለአንድ ከተማ አስተዳደር ዛሬ ከአቅም በላይ አይደለም። ከዚያ በፊት ግን በነሐሴ ካርታ ይዞ ተዳፋቱን በእግር መውጣት ይቀድማል። ዝናብ ላይ ያልታየ ቦታ በበጋ ቢሸነሸን፣ በፕላኑ ላይ ያለው ሁሉ የበጋ መሬት ነው።

ስለ «የመቶ ዓመት ጎርፍ» አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ባለሥልጣንም ብዙ ባለቤትም ይህን ሲሰማ «እኔ ሳልኖር የሚመጣ» ይመስለዋል። ትርጉሙ በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል ያለው ማለት ነው። ለ30 ዓመት የሚኖሩበት ቤት ይህን ጎርፍ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድሉ ከመቶ 26 ነው። ለ10 ዓመት ጎርፍ ብቻ የተሠራ ቦይ አጠገብ ያለ ቤት ደግሞ በዚያው 30 ዓመት ውስጥ ቦዩ ሲሞላ የማየት ዕድሉ ከመቶ 96 ገደማ ይደርሳል። የሰፈር ቦይ ሲሠራ ለስንት ዓመት ጎርፍ እንደሆነ ነዋሪው ቢነገረው፣ የቤቱን ወለል የት ላይ እንደሚያደርግ ራሱ ያውቅ ነበር። ማንም አይነግረውም፤ እሱም አይጠይቅም።

ሕጉን እንይ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተማ በፕላን እንዲመራና ልማት ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይደነግጋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ የፕላን ስምምነት፣ የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር አበጀ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም አለ። ወረቀቱ ላይ ክፍተት አለ ለማለት ያስቸግራል። በሥራ ላይ ግን ክብደቱ ወደ ሕንፃው ቁመት ያደላል። ለፎቅ የአፈር ምርመራ ይጠየቃል፤ ለዝቅተኛው ምድብ፣ ማለትም ለተራው መኖሪያ ቤት፣ ጥያቄው ይቀላል። ምክንያቱም ይገባል፤ ፎቅ ቢወድቅ ብዙ ሰው ይጎዳል። ከጎርፍ አንጻር ግን ነገሩ ተገልብጧል። በሚገባ መሠረት የተጣለለት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ግማሽ ሜትር ውኃ ቢመጣበት ምድር ቤቱ ይቆሽሻል፤ የጭቃ ግድግዳ ያለው ባለ አንድ ክፍል ቤት ግን ይፈርሳል። ስጋቱን የሚሸከመው ጥያቄ የማይቀርብለት ነው። ለዚህ መፍትሔው ከእያንዳንዱ ደሃ ቤት የጎርፍ ጥናት መጠየቅ አይደለም፤ ያ ሰውን ወደ ጨረቃ ቤት መግፋት ይሆናል። ጥናቱን ለሰፈሩ በሙሉ፣ ቦታው ከመሸንሸኑ በፊት፣ ከተማው ራሱ ሊሠራው ይገባል።

እንግሊዞች ለዚህ ያወጡት አሠራር መመልከት የሚገባው ነው። መሬታቸውን በወንዝ ጎርፍ ዕድል በዞን ከፍለውታል፤ በየዓመቱ ከመቶ አንድና ከዚያ በላይ የመጥለቅለቅ ዕድል ያለው ቦታ በከፍተኛው ዞን ይመደባል። አዲስ ልማት ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ ቤቱን ከጎርፍ እንዴት እናድነው የሚለው አይደለም፤ ዝቅተኛ ስጋት ያለው ሌላ ቦታ የለም ወይ የሚለው ነው። ሌላ ቦታ እንደሌለ ሲረጋገጥ ብቻ ወለል ከፍ ማድረግና ቦይ ማስፋት ወደ ንግግር ይገባሉ። ቅደም ተከተሉን ወድጄዋለሁ። እኛ ዘንድ ንግግሩ ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ቦታው ተሰጥቷል፣ አሁን ግንብ ይሠራ።

ድሬዳዋ ከመጨረሻው የመጀመርን ዋጋ ታውቀዋለች። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ተነሥቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ በሆነው ወንዝ ዳርና ውስጥ ሰው ሰፍሮበት፣ ገበያ ቆሞበት ነበር፤ ውኃውም የመጣው ከከተማው ሰማይ ሳይሆን ከሐረርጌ ደጋ ነበር። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ግንቡ ረድቷል። ነገር ግን ግንብ ዳር እንደገና ሰው ይሰፍራል፤ ግንቡን አምኖ። ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ድሬዳዋ ዳግም በጎርፍ ሰው አጥታለች።

ወደ ቦንጋ ስመለስ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ተዳፋት ቆርጦ መሙላቱ ነው። ባለቤቱ ከላይኛው ወገን አፈር ይቆርጥና ወደ ታችኛው ወገን ገፍቶ ግቢውን ሜዳ ያደርጋል። የተቆረጠው ገጽ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የተሞላው አፈር ገና አልጠነከረም፤ ቤቱ ብዙ ጊዜ ግማሹ በጠንካራው፣ ግማሹ በሙሌቱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ደጋፊ ግንብ ይሠራል፤ የሚሠራው አፈሩን እንዲይዝ ታስቦ ነው፤ ከአፈሩ በስተጀርባ የሚጠራቀመው ውኃ አይታሰብም። ውኃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ የሌለው፣ ከኋላው ጠጠር ያልተሞላበት ግንብ በበጋ ቢያዩት ያምራል። ስምንት ወር በሚዘንብበት አገር ግን ከኋላው የሚጠራቀመው ውኃ ከአፈሩ ይበልጥ ይገፋዋል። ቀዳዳው የሚጠይቀው ጥቂት የፕላስቲክ ቱቦና ጠጠር ብቻ ነው። ጋቢዮን፣ በሽቦ ቅርጫት የታሰረው ድንጋይ፣ ውኃውን በራሱ ስለሚያሳልፍ ለዚህ አገር ከሲሚንቶ ግንብ ይበልጥ ይስማማል፤ አያምርም ብለው የሚተዉት አሉ።

ሌላው ከውጭ የመጣ ሐሳብ ውኃውን ባለበት ማስረግ ነው፤ ቻይናዎች «የስፖንጅ ከተማ» ይሉታል። አዲስ አበባ ላይ ሲወራ ጥሩ ይመስላል። ቦንጋ ላይ ግን ቦታ መምረጥ ያሻዋል። ከሸለቆው ግርጌ፣ ለስላሳ ተዳፋት ላይ ማስረግ ደግ ነው። ከቤቶች በላይ ያለ ቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ማስረግ ግን ናዳን መጋበዝ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ውኃውን በተሸፈነ ቦይ ዳር ዳር ወስዶ ማውረድ ይሻላል። ጣሪያ ላይ የሚወርደውን በሮቶ መያዝም እንዲሁ በልክ ሊታይ ይገባል። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያገኝ 5,000 ሊትር ያወርዳል፤ ሮቶው በአንድ ከሰዓት ይሞላል። ነገ ደግሞ ይዘንባል። ለመጠጥና ለልብስ ማጠቢያ ትልቅ ሀብት ነው፤ ጎርፍን ያስቀራል ብሎ ግን ማንም አይቁጠረው፣ በየማታው ካልተለቀቀ በቀር።

ለውጥ ያመጣሉ የምላቸው ጥቂት ናቸው። በመጀመሪያ ዝቅታዎቹን፣ ስም የሌላቸውን የውኃ መውረጃዎች፣ በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ እንደ መንገድ ቀለም ሰጥቶ መዝጋት ነው። ለማንም አይሰጡ፣ አጥር አይከለላባቸው፤ ሣርና ዛፍ ይኑራቸው፣ በበጋ ሕጻናት ይጫወቱባቸው። መሬት አስተዳደሩ ይህን መሬት አባክኗል ይባላል፤ ከሊዝ ገቢ ያስቀራል። የሚቀረው ገቢ ግን ሰፈሩ ከተሠራ በኋላ ቤት አፍርሶ፣ ካሳ ከፍሎ፣ ቱቦ ለመቅበር ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሁለተኛው በረግረጉ ላይ የቤት መሥሪያ ካርታ አለመስጠት ነው፤ የጠለቀ መሠረት የሚጠይቀው ወጪ ብቻውን ሊያስቆመው ይገባ ነበር። ሦስተኛው ተራ ነገር ይመስላል፦ ቦይና ካልቨርት መጥረጊያ በጀት። ከጅማ ቦንጋን አልፎ ወደ ሚዛን የሚዘልቀው አስፋልትም ሆነ የውስጥ መንገዶቹ፣ ካልቨርታቸው በቅጠል፣ በደለልና በፕላስቲክ ሲደፈን ግድብ ይሆናሉ፤ ውኃው ከላይ ተጠራቅሞ በድንገት ይሻገራል። አብዛኛው ከተማ ቦይ የሚጠርገው ሰኔ ሲቃረብ ነው። ካፋ ውስጥ ይህ ዘግይቷል፤ ጥርና የካቲት ነው ጊዜው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ለዚህ ሁሉ ዕድልም ፈተናም ነው። መንገድ ሲቆፈር የጎርፍ ቱቦን በበቂ ስፋት ለመቅበር እንደዚህ የሚመች ጊዜ አይገኝም። በዚያው ልክ እግረኛ መንገዱ ሰፍቶ፣ ግቢው በንጣፍ ተሸፍኖ፣ ቱቦው ግን የድሮው መጠን ከቀረ፣ ቅድም ያሰላነው ሦስት እጥፍ ውኃ ወደ ታችኛው ሰፈር ይላካል። መብራቱና ንጣፉ በምረቃው ዕለት ይታያሉ፤ ቱቦው አይታይም። ስለዚህ የቱቦውን ስፋት የሚጠይቅ የምክር ቤት አባል ያስፈልጋል።

ቀድሞ የሰፈሩትስ? ዳሰሳው እዚህ ላይ ይከብዳል። በዝቅታና በወንዝ ዳር የሚኖረው ባብዛኛው ሌላ ቦታ የመግዛት አቅም ያጣ ሰው ነው። «የጎርፍ ስጋት ቀጣና» የሚለው ስም ለማፈናቀያ መሣሪያ እንዳይሆን መፍራት ተገቢ ነው፤ ዛሬ ለስጋት ተነሥቶ ነገ እዚያው ሆቴል ቢቆም የሚያምን ሰው አይኖርም። ማንሣት የግድ ከሆነ ምትክ ቦታው አስቀድሞ ይዘጋጅ፣ የተለቀቀው መሬትም ለግንባታ እንዳይውል በፕላኑ ላይ ይታሰር። እዚያው ለሚቆየው ደግሞ ወለሉን በድንጋይ ከፍ ማድረግ፣ የቤቱን ግርጌ በሦስት ወይም በአራት ረድፍ ድንጋይ ከውኃ መለየት፣ ሌሊት ከባድ ዝናብ ሲጥል ከላይኛው ሰፈር በእድር በኩል የሚደውል ሰው መመደብ ይቻላል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከባድ ዝናብ እንደሚጠበቅ ያስታውቃል፤ ያ ማስታወቂያ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ቀበሌ ሲወርድ ዝናቡ ቀድሞ እንዳይደርስ ማድረግ የአስተዳደሩ ፈንታ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ከቦንጋ ውጭ ያለው። የካፋ አብዛኛው ውኃ በጎጀብና በደቡቦቹ ወንዞች ወደ ኦሞ ይገባል። ነሐሴ 1998 ዓ.ም.፣ ከድሬዳዋው ሌሊት አንድ ሳምንት ያህል በኋላ፣ ኦሞ በዳሰነች ምድር ከአፉ ወጥቶ ከ360 በላይ ሰው ገደለ። ያ ውኃ ከብዙ ደጋ የተሰበሰበ ነው፤ የካፋ ደጋም ድርሻ አለው። ከዚያ ወዲህ ግልገል ጊቤ ሦስት ተሠርቶ የጎጀብን ውኃ መጀመሪያ የሚቀበለው ሰው ሠራሽ ሐይቁ ሆኗል፤ ከውኃው ጋር የሚመጣውን ደለልም እንዲሁ። ስለዚህ በቦንጋ ዙሪያ የሚቆረጠው ተዳፋትና የሚደፈነው ረግረግ የአንድ ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ ክልሉና የከተማው ፕላን ክፍል በአንድ ካርታ ላይ ሊሠሩ ይገባል። ያ ካርታ የሚሠራበት ወቅት ደግሞ የከተማዋ አዳዲስ ሰፈሮች ገና በችካልና በገመድ ላይ ያሉበት የአሁኑ ጊዜ ነው።